የኤሌክትሪክ ምጣዴ በአንድ ወገኑ ብቻ ይግላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ዓመት ያለ ችግር የጋገርኩበት የሸክላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁለት ሳምንት ወዲህ አላስጋግር ብሎኛል። ቀደም ሲል ከሰካሁት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማሰስ እጀምር ነበር፤ አሁን ግን ግማሽ ሰዓት ጠብቄም በገመዱ በኩል ያለው ወገን እንጀራውን ዐይን አውጥቶ ሲያበስለው፣ በግድግዳው በኩል ያለው ወገን ነጣ እንዳለ ቀርቶ ከምጣዱ ላይ ይጣበቃል፤ በሰፌድ ላወጣው ስሞክርም ከመሃል ይቀደዳል። ሊጡ ወፍሮ እንደሆነ ብዬ አቀጠንኩት፣ ጎመን ዘሩንም ጨመር አድርጌ አሰስኩት፤ ለውጥ የለም። ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ስጋግር ከምሽቱ በመጠኑ መሻሉን፣ ስፒናውን ስነቅለውም እጅ የሚያቃጥል መሆኑን ነው። ጎረቤቴ «ሽቦው ተበጥሷል፣ አዲስ ግዢ» ትለኛለች። ከመግዛቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥ እናት

ልጄ፣ ሊጥሽን አትጠርጥሪው። ጥፋቱ የሊጡ ወይም የእርሾው ቢሆን ኖሮ እንጀራው ዙሪያውን ዐይን ያጣ ነበር እንጂ ግማሹ አምሮ ግማሹ አይበላሽም። ምጣዱ የቱ ጋ እንደማይግል ለይተሽ ለማወቅ፣ ከሰካሽው ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረቅ ዱቄት በስሱ በትኚበትና ቆመሽ ተመልከቺ፤ የጋለው ቦታ ዱቄቱን ቶሎ ያጠቁረዋል፣ ያልጋለው ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ዱቄቱን ጠርገሽ ከመጣልሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ጠጋኙ ዘንድ ስትሄጂ ከብዙ ወሬ ያድንሻል። ጎመን ዘር መጨመሩ ግን ያልጋለ ምጣድ ላይ ቅባቱን ሊጡ ይጠጣዋል እንጂ ምንም አይረዳሽም።

መልስ 2፦ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ከጻፉት እንደምረዳው ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሊሆን ስለሚችል ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከሌሊት ይልቅ ምሽት ላይ መባሱ የቮልቴጅ መውረድን ያመለክታል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ መስመሩ ይደክማል፤ የሙቀቱ ኃይል ደግሞ የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ መስመሩ ወደ 190 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል 2,600 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ማለትም ሩቡን ያጣል።

የስፒናው መጋል ግን የመስመሩ ጥፋት አይደለም። እንዲህ ያለ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ፣ ብሎኑ የላላ ስፒና ወይም ምላሱ የሰፋ ሶኬት ያለ ጥርጥር ይግላል፤ ሲቆይም ይቀልጣል። ምጣዱን በማራዘሚያ ገመድ ሰክተው ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉት።

የአንድ ወገን አለመጋል ከሁለቱም የተለየ ነው። ጎረቤትዎ እንዳሉት ምጣዱ አንድ ሽቦ ብቻ ኖሮት ያ ቢበጠስ፣ ዙሪያውን በሙሉ በቀዘቀዘ ነበር። ስለዚህ ወይ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን የተዘረጋበት ምጣድ ሆኖ አንደኛው ተበጥሷል፣ ወይም ከሥር የተመረገው ጀሶ ተሰንጥቆ ሽቦው ከሸክላው ርቋል። ይህን ለመለየት ስፒናውን ነቅለውና ምጣዱ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በሁለቱ የስፒናው እግሮች መካከል ያለውን ኦም በመለኪያ ይመልከቱ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ንባቡ እጥፍ ከሆነ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ የለም ማለት ነው። በተረፈ ምጣዱ ሲነኩት የሚነዝርዎ ከሆነ፣ የመሬት ገመዱ እስኪረጋገጥ ድረስ ፈጽሞ አይጋግሩበት።

ከጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዱቄቱ በግድግዳው በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ነጭ ሆኖ ቀረ። የወንድሜ ልጅ በመለኪያ ሲያየው 27 ኦም አሳየ፤ ጠጋኙም ጀሶውን ፈልፍሎ ሲከፍተው በእርግጥም ለየግማሹ አንድ አንድ ሽቦ ነበረው፣ የተበጠሰውም ከገመዱ ጋር በሚታሰርበት ጫፍ ላይ ነው። ሌላኛውም አርጅቷል ብሎ ሁለቱንም ቀየራቸው። የስፒናው አንድ እግር ጠቁሮ ስለነበር እሱንና ሶኬቱን በአዲስ አስቀየርኩ። አሁን ልጋግርበት እችላለሁ?

ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው

ጀሶው እርጥብ ሳለ ከሰኩት ሊነዝርዎ፣ እንፋሎቱም ሊሰነጥቀው ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን አየር በሚያገኝበት ቦታ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰኩት ሊጥ ሳያፈሱበት፣ ለብ ሲል እየነቀሉ መልሰው እየሰኩ ያሙቁት።

ከጠያቂዋ

በአራተኛው ቀን ጋገርኩ። ዱቄቱ ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ሲቀር ዙሪያውን እኩል ጠቆረ፤ ስፒናውም አይግልም። ምሽት ላይ አሁንም ከሌሊቱ ይዘገያል፣ ስለዚህ በ11 ሰዓት መነሣቴን አልተውኩም።