ማሊናውስኪን «ጡረታ ያስወጣው» ማን ነው?

(ከየካቲት 2026ቱ የኒው ጀርሲ ቅድመ ምርጫ በፊት በኢንተርኔት የተደረገ ክርክር፤ ሌላ ካልተባለ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድ በል ሀገሬ፦
ትናንት ማታ ዜናውን ስሰማ የያዝኩት ስኒ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የኒው ጀርሲ 7ኛ ወረዳ የቀድሞው የኮንግረስ አባል፣ ዴሞክራቱ ቶም ማሊናውስኪ ዳግም ለኮንግረስ ሊወዳደር ነው! ሚኪ ሼሪል የኒው ጀርሲ ገዥ ሆና ስትመረጥ በለቀቀችው የ11ኛው ወረዳ ወንበር ላይ ዓይኑን ጥሏል። ይህ እኮ ኤች አር 6600 የሚባለውን የሕግ ረቂቅ አርቅቆ አገራችንን በማዕቀብ ጠፍሮ ሊያስር የተነሣ ሰው ነው። በ2022 ጡረታ ያስወጣነው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ዝም ብለን ልናይ ነው? ሐበሻ ሆይ፣ ተነሥ! አንዴ አሳይተነዋል፣ ዳግም እናሳየዋለን።

የሰመርሴቱ፦
«ጡረታ ያስወጣነው» የምትለዋን ቃል ልውጣት ብል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። እኔ 7ኛው ወረዳ ውስጥ 14 ዓመት ኖሬአለሁ። ሀንተርደን፣ ዋረን፣ ሰመርሴት እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የሞላባቸው መሰሉህ? እዚህ ገበያ መሀል የአገር ሰው ካጋጠመኝ ስልክ ቁጥር ሳንለዋወጥ አንለያይም፤ መቼ ደግሞ እንደምንገናኝ አይታወቅማ። ለመሆኑ አንተ የምትመርጠው በየትኛው ወረዳ ነው?

ጉድ በል ሀገሬ፦
ነገሩ የቁጥር አይደለም፣ የመደራጀት ነው። በ2020 ማሊናውስኪ ሪፐብሊካኑን ቶም ኪንን ያሸነፈው ከ5,000 ድምፅ ብዙም ባልበለጠ ልዩነት ነበር። እንዲህ ባለ ጠባብ ምርጫ ጥቂት የቆረጠ ሰው ሚዛን ይደፋል። ገንዘብ አዋጣን፣ ስልክ ደወልን፣ በር አንኳኳን። ወደቀ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

የሰመርሴቱ፦
በ2022 በዚያው በኪን ተሸንፎ የወደቀው ከ8,000 በላይ በሆነ ልዩነት ነው። ያን ያህል ሐበሻ 7ኛው ወረዳ ውስጥ ካለ እባክህ ጠቁመኝና ዕድር ልግባ።

ሕግ አንባቢ፦
ዘመን እንቁጠር። የኒው ጀርሲ የምርጫ ወረዳዎች ካርታ እንደ አዲስ የተሠመረው በታኅሣሥ 2021 ነው። የተመረጠው ካርታ ዴሞክራቶች ያቀረቡት ነበር፤ ሌሎች ወንበሮቻቸውን ለማዳን ሲሉ 7ኛውን ወረዳ ሪፐብሊካን ወደሚበዛበት ገፉት። በአጭሩ የራሱ ፓርቲ ሠዋው። ኤች አር 6600 የቀረበው በየካቲት 2022 መጀመሪያ ነው። እናም የጡረታ ደብዳቤው የተፈረመው እኛ የሰውየውን ስም በትክክል መጥራት ከመጀመራችን በፊት ነበር። በዚያ ላይ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ በወቅቱ አላሳወቀም ተብሎ በምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ምርመራ ተከፍቶበት ነበር። የኪን ዘመቻ በቴሌቪዥን ያንን ነበር ቀንና ሌሊት የሚያሰማው። ስለ ኢትዮጵያ አንዲት ማስታወቂያ አይቻለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ፖላንድ ናፋቂ፦
ስሙን በትክክል መጥራት ካልን አይቀር፣ ማሊኖፍስኪ ነው የሚባለው። ሰውየው የተወለደው ፖላንድ ነው፣ በልጅነቱ ነው አሜሪካ የገባው።

ጉድ በል ሀገሬ፦
ራሱ በእንግሊዝኛ ሲጠራው ሰምተኸዋል? ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሕግ አንባቢ፣ አንተ ሁልጊዜ ሐበሻ አንድ ነገር ሠራ ሲባል ያምሃል። አይሁዱ ሲደራጅ ብልህ፣ ኩባው ሲደራጅ ብልህ፣ እኛ ስንደራጅ «ካርታው ነው»!

በር አንኳኪ፦
እኔ ካንኳኩት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ማንም ሐበሻ ጠል እንዳይለኝ። በጥቅምት 2022 አንድ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በሚኒባስ ዌስትፊልድ ሄድን። በሩ ላይ ትልቅ ዱባ ያስቀመጠች አሮጊት ከፈተችልኝ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ወረቀቱን አስጠግታ አነበበች፤ ውሻዋ ጫማዬን ያሸታል። «ኢትዮጵያ... እነዚያ ሯጮቹ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የቤንዚን ዋጋ ስንት እንደገባ ነገረችኝ። ከዚያ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ የምመርጠው ኪንን ነው፤ አባቱ ገዥ በነበረበት ጊዜ አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነበር» አለችኝ። ወረቀታችንን በትሕትና መለሰችልኝ። የእሷን ድምፅ በየትኛው መዝገብ ላይ እንጻፈው? በእኛ ነው በአባትየው?

ጉድ በል ሀገሬ፦
በአንዲት አሮጊት ታሪክ የሺዎችን ልፋት አታርክስ።

ወለላ፦
ጡረታ፣ ካርታ፣ አሮጊት! የክርክሩ ፍሬ የቱ ጋ እንደተጣለ ታውቃላችሁ? በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 2013 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ትግራይ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መድኃኒት የለም። በየምሽቱ የማይነሣ ቁጥር እየደወልኩ ነበር የምተኛው። በዚያ ጊዜ በዚህ አገር ምክር ቤት ውስጥ ስለ እኛ ቆሞ የተናገረ አንድ ሰው ቢኖር እናንተ «ጡረታ አስወጣነው» ብላችሁ የምትጨፍሩበት ሰው ነው። ሕጉ ፍጹም ነበር አልልም። ግን አንድ ሰው ስሜን ስለጠራ ነው ይህ ሁሉ ከበሮ?

ጉድ በል ሀገሬ፦
ወለላ፣ ለእናትሽ አዝናለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን የእናትሽን ስልክ የዓለም ባንክ ብድር በመከልከል አይከፍቱልሽም። ሕጉ አሜሪካ በዓለም ባንክና በገንዘብ ተቋሙ ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ብድር እንድትቃወም ያዝ ነበር። ያ ብድር የአፋሩንም የአማራውንም የትግራዩንም ልጅ ይመለከታል። ጦርነቱ የተጀመረው ደግሞ ሰሜን ዕዝ በመመታቱ ነው፤ ያንን ማሊናውስኪ ጮክ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም።

ሕግ አንባቢ፦
ስለ ብድሩ የጻፍከው እውነት ነው፤ ያውም ለሰብዓዊ ርዳታ የሚውለው ተለይቶ ተቀምጦ። የጸጥታ ርዳታን ማገድም ነበረበት። በግለሰቦች ላይ የሚጣለው ማዕቀብ ግን ሰላም የሚያደናቅፈውን ሁሉ ነው የሚመለከተው፣ በየትኛውም ወገን ያለውን። ያነበበው ጥቂት ነው እንጂ ሕጉን ብቻውን አንድ ቡድን ጽፎ አልሰጠውም። ዴሞክራቱ ሚክስም ሪፐብሊካኑ ማኮልም ደግፈውታል።

የድሮ ሰልፈኛ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እኔ በ2007 ኤች አር 2003 ይጽደቅ ብዬ ካፒቶል ፊት ለፊት በብርድ ቆሜአለሁ። ባለቤቱ ዶናልድ ፔይን ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ከኒው ጀርሲ። የጸጥታ ርዳታ ይቀነስ፣ ቪዛ ይከልከል የሚል ነበር። በጥቅምት ምክር ቤቱ አሳለፈልን፣ ሴኔት ግን ቀበረው። የመለስ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የሚባለውን የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» ሲል በሳቅ ነበር የምንፈርሰው። በ2018 ደግሞ ኤች አር 128፤ የክሪስ ስሚዝ፣ እሱም ከኒው ጀርሲ። ሚያዝያ 10 ቀን ሲያልፍ አለቀስኩ። በ2022 የሰልፍ ጥሪ ደርሶኝ ሄድኩና ምን አየሁ? የመለስን ቃል በሰሌዳ ጽፈው የያዙት የእኔው ጓደኞች ናቸው። ሉዓላዊነታችን ተደፈረ! ዞር ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ጉድ በል ሀገሬ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ኤች አር 128 የአቋም መግለጫ ነው፤ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። 6600 ግን ቢጸድቅ አስገዳጅ ሕግ ይሆን ነበር። ሁለቱ አይነጻጸሩም።

የድሮ ሰልፈኛ፦
እሺ ልጄ፣ 128ን ተውልህ። 2003ስ? እሱ የአቋም መግለጫ ነበር?

ጉድ በል ሀገሬ፦
ያኔ የነበረው አምባገነን መንግሥት ነው። የ2022ቱ ጉዳይ የአገር ህልውና ነው። ደግሞ ሴናተር ኢንሆፍን አይርሱ፤ በ2007ም በ2022ም የአገራችን ወዳጅ ሆኖ የቆመ እሱ ነው።

የድሮ ሰልፈኛ፦
በ2007 ሕጋችንን የቀበረብን እሱ አልነበረም እንዴ? ያኔ ስሙን ስንጠራ ምን እንል እንደነበር እዚህ ልጻፈው?

የአውሮራው ሹፌር፦
ጋሼ ሰልፈኛ፣ ኖሩልን። ስለ ጡረታ ካነሣን አይቀር እኔም ልጠይቅ። ኮሎራዶ ውስጥ የኮንግረስ አባል የነበረው ማይክ ኮፍማን ለኤች አር 128 ከማንም በላይ የሮጠ ሰው ነው። ውለታ መላሽ ነን ብለን በዚያው ዓመት በኅዳር ታክሲያችንን አቁመን ቀሰቀስንለት። በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። የምንጠላውን ጡረታ የምናስወጣ ከሆነ የምንወደውን ለምን ማዳን አቃተን?

ጉድ በል ሀገሬ፦
በሚቀጥለው ዓመት የአውሮራ ከንቲባ ማን አደረገው? ከሦስት መቶ ባነሰ ድምፅ ነው ያሸነፈው! ያ የማን ድምፅ ነው?

የአውሮራው ሹፌር፦
እሱን እቀበላለሁ። ግን አውሮራ ብዙ ሺህ ሐበሻ አለ። ሰመርሴት የት አለ? ይኸው ዞረን መጣን።

የሐዋሳዋ፦
ከአገር ቤት ነው የምጽፈው። እናንተ ስለ ምርጫችሁ ትስቃላችሁ። እህቴ ሐዋሳ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። አጎዋ፣ ያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ ሲቀር ከእሷ መስመር ብዙዎች ተቀነሱ፣ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወላይታ ተመለሰች። አጎዋን ያሳጣን ሰው ተመልሶ ይመጣል ሲባል ደስ ይበለኝ?

ሕግ አንባቢ፦
እህቴ፣ ኀዘንሽ ይገባኛል፤ ግን አጎዋን ያነሣው ባይደን ነው። በኅዳር 2 ቀን 2021 አሳወቀ፣ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ኤች አር 6600 ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ከኮሚቴ አልፎም ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርብ ሞተ። የሴኔቱ ኤስ 3199ም እንዲሁ። ሕግ ያልሆነ ወረቀት የማንንም ሥራ አልነጠቀም።

የሐዋሳዋ፦
ለእህቴ ይህንን ልንገራት? «ሌላው ነው ያባረረሽ» ብዬ?

ወለላ፦
እህትሽን ያባረራት ጦርነቱ ነው፤ እናቴን ዝም ያሰኘብኝም እሱ ነው። እኔና አንቺ እዚህ መጣላት አልነበረብንም።

የሐዋሳዋ፦
አልተጣላሁሽም።

ሕግ አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ከዓመታት በፊት የሂዩማን ራይትስ ዎች የዋሽንግተን ኃላፊ ነበር። በ2014 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ረዳት ሚኒስትር ሆኖ ባሕሬን ሄዶ ከተቃዋሚዎች ጋር በመገናኘቱ ውጣ ተብሏል። በኦሮሚያ ተቃውሞ ጊዜ ኢሕአዴግን በግድያና በጅምላ እስር ሲተች ዛሬ የሚረግሙት ሰዎች ንግግሩን ለሰው ሁሉ ይልኩ ነበር። የሰውየው አቋም አልተለወጠም። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው።

ጉድ በል ሀገሬ፦
ሕወሓት ሲተች ጎበዝ፣ ሕወሓት ሲመታ ጠበቃ! ይህ አቋም ነው?

ወለላ፦
«ሕወሓት ሲመታ» ነው ያልከው? እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው።

በር አንኳኪ፦
ኧረ ቀስ በሉ። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፕሪቶሪያ የተፈረመው በኅዳር 2 ቀን 2022፣ ምርጫው የተደረገው በኅዳር 8። እኔ የመጨረሻውን ስልክ የደወልኩት ሁለቱ ወገኖች ከተጨባበጡ በኋላ ነበር። ወረቀታችን ላይ የተጻፈው ረቂቅ ሕግ ያኔ የሞተ ያህል ነበር። ማንን እየቀጣን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ስልኩን ግን ደወልኩ።

የሰመርሴቱ፦
ጉድ በል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። የየትኛው ወረዳ መራጭ ነህ?

ጉድ በል ሀገሬ፦
ሁለተኛ ነው።

የሰመርሴቱ፦
እሺ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ጉድ በል ሀገሬ፦
ሜሪላንድ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ። ምን አለበት?

የሰመርሴቱ፦
ምንም የለበትም። ጡረታህን አስከብር።

የሞንትክሌሩ፦
ከጠዋት ጀምሮ ሳነብ ነበር፤ የጻፍኩት ግን አሁን ነው። እኔ 11ኛው ወረዳ ነኝ፣ ዜግነትም አለኝ፣ ተመዝግቤአለሁም። በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ የቀረበው እጩ ብዙ ነው፤ የሁሉም ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ተከምሯል። ማሊናውስኪ ስለ ትራምፕና ስለ ዩክሬን ነው የላከልኝ። ስለ ኢትዮጵያ አንድም መስመር የለም። እስካሁን የወሰንኩት ነገር የለም።

ጉድ በል ሀገሬ፦
ወንድሜ! አንተን ነበር የምንፈልገው። ስልክ ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ወለላ፦
እኔም አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ።

የሞንትክሌሩ፦
አሁን ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ፣ ማታ እንነጋገር።

የሰመርሴቱ፦
ቁጥርህን እንዳትልክለት።