መዥገሩ መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ኤክሴሌ ግን አልተላመደም ይለኛል፤ የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

የሱሉልታ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። እናቴ እዚህ ሱሉልታ 6 የወተት ላሞች አሏት፣ ለዓመታት የምትረጫቸው ያው አንድ ዓይነት የመዥገር መድኃኒት ነው። ድሮ በተረጩ ማግስት ረግፎ እናገኘው ነበር። አሁን በሦስተኛው ቀን ጡታቸው ሥር ስዳስስ ደም ጠጥቶ ባቄላ ያከለ መዥገር እጄ ላይ ይመጣል። ይህንን ለመመረቂያ ጽሑፌ በሒሳብ ሞዴል ላሳየው ፈለግኩ። መነሻዬ 1000 መዥገር ነው፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም 0። መድኃኒቱ በየትውልዱ 90 በመቶውን ይገድላል። 20 ትውልድ ሄድኩ፣ የሚቋቋመው አሁንም 0 ነው። መቼ ነው የሚላመዱት? እባካችሁ፣ አማካሪዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ።

ቀመር
ችግሩ ያ ዜሮ ነው እህቴ። ዜሮን በምንም ብታባዢው ዜሮ ነው። «ተላመደ» የሚለው ቃላችንም ያሳስታል፤ ልጅ በርበሬ እንደሚለምደው አንዱ መዥገር መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የለመደው ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም። የሚቋቋሙት ጥቂቶች ቀድሞም ነበሩ፣ መድኃኒቱ ሌላውን ጨርሶ ሜዳውን ለቀቀላቸው።

ከ1000 አንዱን የሚቋቋም አድርጊው። ከማይቋቋሙት ከ10 አንድ ይተርፋል፣ የሚቋቋመው ግን ሁሌም ይተርፋል፤ ስለዚህ የሁለቱ ጥምርታ በየትውልዱ በ10 ይባዛል። የሚቋቋሙት ድርሻ ከ0.1 በመቶ ወደ 1፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 91 ይሄዳል። እናትሽ «በድንገት ነው የተበላሸው» ቢሉሽ እውነታቸውን ነው። ከ1 በመቶ በታች እያለ ማን ያየዋል?

ጂን ቆጣሪ
ቀመር ያለው ልክ ነው፣ ግን ልጅ ሁሉ ወላጁን ይመስላል ብሎ ነው ያሰላው። መዥገር ጂኑን ከእናትም ከአባትም ይወስዳል። የሚቋቋመው የመቋቋሚያውን ጂን ከሁለቱም ሲወስድ፣ ማለትም ሁለት ቅጂ ሲኖረው ብቻ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ እና ጀርመናዊው ሐኪም ዋይንበርግ በየፊናቸው ባሳዩት ስሌት፣ ከ1000 አንድ የሆነ ጂን በእጥፍ የሚገኘው ከሚሊዮን በአንዱ ነው። ያኔ መነሻው በጣም ያዘግማል። ሁለቱንም ሠርተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ደግሞ ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል። እንግሊዛዊው የዘረ መል ሊቅ ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1924 ያደረገው ይህንን ነው። ማንችስተር አካባቢ በ1848 ብርቅ የነበረው ጥቁር የእሳት እራት በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነጣ ያለውን ሊተካው ምንም አልቀረውም ነበር። ሃልዴን ከለውጡ ፍጥነት ተነስቶ ጥቁሩ ተርፎ በመራባት በግማሽ ያህል ብልጫ ሊኖረው እንደሚገባ አሰላ። አንቺም እናትሽን ከመቼ ጀምሮ እንዳስቸገራቸው ጠይቂና ከዚያ ተነሺ።

የከብት ሐኪም
ሒሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመላመዱ በፊት አበራረዙን እዪ። ብዙ ቤት የማየው ውኃ የበዛበት መድኃኒት ነው፤ ጆሮ ውስጥና ጭራ ሥር ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ስትቀይሩም የዕቃውን ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ቀይሩ። ስሙ ሌላ ሆኖ ውስጡ ያው የሆነ ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ መዥገር ሁሉ ላም ላይ አይደለም። ብዙው ሣር ውስጥ ነው፣ መድኃኒት አይነካውም። ያንን ሞዴልሽ ውስጥ አስገቢው።

የሱሉልታ ልጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በመጀመሪያው መንገድ 1 አስገብቼ በ3 ትውልድ ግማሽ ደረሰ። ከዚያ ዶክተር እንዳሉት 30 በመቶው ሣር ውስጥ ተርፎ ይቅር ብዬ ሠራሁት፣ ግማሽ ለመድረስ 7 ትውልድ ፈጀበት። ከሁለት እጥፍ በላይ! ሁለት ቅጂ የሚፈልገውን ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ።

እናቴንም ጠየቅኳት። ለካ መድኃኒቱን የምትለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው፣ ባልዲውን ደግሞ በዓይኗ። ነገ መለኪያ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ከሚቀጥለው ርጭት በኋላ በሦስተኛው ቀን ቆጥሬ እዚሁ እጽፋለሁ።