ይቋቋማል የተባለው የሰላጣ ዘር ታመመብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ሰበታ አካባቢ በትንሽ መሬት ላይ ሰላጣ አምርቼ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው በሽታ ስላስቸገረኝ ዘንድሮ ይቋቋማል የተባለ ዘር በውድ ገዛሁ። ዛሬ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ የታችኞቹን ቅጠሎች ገልበጥ ሳደርጋቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ሆነዋል፤ በላይኛው ገጽ ደግሞ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል የታጠረ ቢጫ ምልክት አለ። ልቤ ተሰበረ።

ማሸጊያው ላይ «ቢኤል» ከሚለው ቀጥሎ የሰፈሩት ቁጥሮች ዘሩ የሚቋቋማቸውን፣ አውሮፓ ውስጥ የተለዩ የብሬሚያ (የዚሁ በሽታ አምጪ ተህዋስ) ዝርያዎች እንደሚያመለክቱ አውቃለሁ። የእኛ አገሩ ዝርያ ከእነዚያ ውጭ ከሆነስ ቁጥሩ ምን ይጠቅመኛል? ናሙና ወስዶ የሚለይልኝ ቤተ ሙከራ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

«ግራንድ ራፒድስ» እና «አይስበርግ» የተባሉት የቆዩ ዓይነቶች በሽታው ባይቀርላቸውም በማሳ ላይ ጉዳቱ እንደሚቀንስላቸው አንብቤአለሁ። በደጋ፣ በክረምት ዝናብ የሞከራቸው አለ? ሰላጣ በጥሬው የሚበላ ስለሆነ መድኃኒት እየደጋገምኩ መርጨት አልፈልግም። ቀጣዩን ዘር በዚህ ሳምንት ማፍላት አለብኝ፤ የትኛውን ልግዛ?