«ደንበኛ ብቻ» ነበረች? የፋርንስዎርዝ ቤት ክርክር

ሰገነት፦
«ቺካጎ ነኝ» ትናንት የለጠፋቸውን ፎቶዎች አያችሁ? ቺካጎ አቅራቢያ ያለችው ፕላኖ ድረስ ሄዶ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮህ የነደፈውን የመስታወት ቤት ጎብኝቶ መጣ። እሰየው። ከፎቶው ሥር የጻፈው ስም ግን አናደደኝ። «የኢዲት ፋርንስዎርዝ ቤት»። ሰባ ዓመት «ፋርንስዎርዝ ቤት» ሲባል ኖሮ፣ በ2021 ቤቱን ያሠራችው ሴትዮ የራሷ ስም ካልተጨመረ ተባለ። ነገ ደግሞ የአያት ስም ይሙላ ይሉናል። እኔ ሴትዮዋን አልጠላም። ግን እሷ እኮ ደንበኛ ብቻ ነበረች።

ቺካጎ ነኝ፦
ስሙን እኔ አላወጣሁት፣ ባለቤቱ ማኅበር ነው የቀየረው። ደግሞ ይቺ «ብቻ» የምትለዋ ምንድን ናት? መሬቱን የገዛችው እሷ። በ1945 እራት ግብዣ ላይ ሰውዬውን አግኝታ ቤት ንደፍልኝ ያለችው እሷ። የከፈለችው እሷ። 20 ዓመት የተገለገለችበት እሷ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ደግሞ በዚህ እንዳትጣሉ።)

ግንበኛው፦
ሙያው ውስጥ ስላለሁ ልንገራችሁ። ደንበኛ ክፍያ እስኪያልቅ ድረስ «ጌታዬ» ነው። «ብቻ» የሚሆነው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው።

ሰገነት፦
ክፍያን ካነሳህ አይቀር፣ አልከፍልም ያለው ማን ሆነና? ሚስ በ1951 የከሰሳት ቀሪ ሒሳቡን ስላልሰጠችው ነው።

ዶዘር፦
ኧረ ግማሹን ብቻ አታውራ! የጸደቀው በጀት 58,400 ዶላር ነው። ሲያልቅ 74,000 ገደማ ገባ። እሷም መልሳ ከሰሰችው። አንተ ብትሆን ዝም ትላለህ?

ሰገነት፦
የኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው እኮ። የዕቃ ዋጋ ጣራ ነክቷል። ያንን ሚስ ነው ያስወደደው? ጉዳዩን የሰማውም ሰው የወሰነው ለሚስ ነው።

ዶዘር፦
ወሰነለት፣ ከዚያስ? የጠየቀው ከ28,000 ዶላር በላይ ነበር። ዓመታት ተጓተተና በ14,000 ተስማምተው ዘጉት። ይሄ ማሸነፍ ከሆነ እኔም ባለፈው ዓመት ኮንትራክተሬን አሸንፌዋለሁ።

ጉርሻ፦
እንዴ፣ ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ሁለቱ ፍቅር ነበራቸው ይባል የለ? አኩርፋ ነው የከሰሰችው።

ቀጭኔዋ፦
ይባላል! ማን አረጋገጠው? ወንድ በጀት አለፈብኝ ብሎ ሲከስ «ጠንቃቃ» ነው። ሴት ስትከስ «ተከድታ ነው»። ሴትዮዋ በቺካጎ የታወቀች የኩላሊት ሐኪም ነበረች። ቫዮሊን ትጫወት ነበር። ኋላ ጣሊያን ገብታ የጣሊያን ገጣሚዎችን ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉም ኖራ በ1977 አረፈች። እናንተ ግን ከሷ ታሪክ የመረጣችሁት ኩርፊያዋን ነው።

ሰገነት፦
ሐኪም መሆኗ አርክቴክት አያደርጋትም። ስምንት የብረት ምሰሶ። ከመሬት 1.6 ሜትር ብድግ ያለ ወለል። ዙሪያውን መስታወት። ይሄን እሷ ነች ያሰበችው? ቤቱ ሳይሠራ ሞዴሉ በ1947 ኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቀርቦ ነበር። ሰው ለማየት የሄደው የሷን ሐሳብ ነው?

ቺካጎ ነኝ፦
ወለሉ ብድግ ያለው ለጎርፍ ተብሎ ነው። ፎክስ ወንዝ አፍንጫው ሥር ነው ያለው። ግን አልበቃም። በ1954 ውኃው ቤቱ ገባ። በ1996 መስታወቱን ሰብሮ ገባ። አስጎብኚዋ ይህን ስትነግረን አንድ ሽማግሌ ምን አለ መሰላችሁ፣ «ታዲያ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ቢል ምን ነበረበት?»

ግንበኛው፦
ያ ሽማግሌ ዲግሪ ይሰጠው።

ዶዘር፦
መስኮቱንስ አየኸው? በዚያ ሁሉ መስታወት ውስጥ የሚከፈቱት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ናቸው። በሐምሌ ምድጃ፣ በጥር ላብ በላብ የሆነ መስታወት። ቦሌ ላይ መስታወት ለብሰው የቆሙትን ሕንፃዎች አስቡ። ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ ሞክሯቸው።

ሰገነት፦
በደቡብ በኩል የሚያጠላ ትልቅ ዛፍ ነበረው። ቦሌን ከዚህ ጋር አታነካካ። የቦሌው የሚስ ጥፋት አይደለም፣ የኮፒ ነው።

ቀጭኔዋ፦
እሺ ዛፍ። በ1953 ለአንድ መጽሔት የተናገረችውን አንብብ። ቀንና ሌሊት እንደ ዘበኛ ንቁ ሆኜ ነው የምኖረው፣ እረፍት የለኝም ብላለች። ልብስ መስቀያ እንኳ ከውጭ እንዴት ይታያል ብላ ሳታስብ ማስቀመጥ አትችልም። ገንዘቧን ከፍላ ዘበኛ ሆነች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!

ሰገነት፦
ተረቱ አልሠራም። ቤቱ አጥር የለውም።

ቀጭኔዋ፦
ችግሩስ ያ አልነበር? ሰዉ እየመጣ በመስታወት ያያታል! «ብቻ» ያልካት ይቺን ሴት ነው። ብቻዋን።

ጭቃ ሹም፦
እኔ የማይገባኝ የስሙ ጠብ ነው። እኛ አገር ቤት የሚጠራው በባለቤቱ ነው። የራስ ብሩ ቤት። የሼክ ሆጀሌ ቤት። ማንም «የመሐንዲስ እገሌ ቤት» አይልም። ፈረንጆቹም «ቪላ ሳቮይ» ይላሉ፣ ሳቮይ ደንበኛ ነው። ታዲያ ኢዲት ስትሆን ምን ተገኘ?

ሰገነት፦
አመሰግናለሁ! ለዚህ ነው የኛን አገር ሕንፃዎች ማን እንደነደፋቸው ማንም የማያውቀው። አፍሪካ አዳራሽን ማን ነደፈው? ማዘጋጃ ቤቱንስ? ሁለቱንም አርቱሮ ሜዜዲሚ። ውጣና አስር ሰው ጠይቅ፣ አንድ ካገኘህ ቡና በእኔ። እኔ የምጮኸው ለሚስ መስሎሃል? ንድፍ የሚሠራ ሰው ስም እንዳይጠፋ ነው።

ጭቃ ሹም፦
የሚስ ስም ጠፋ? በየትኛው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት?

ግንበኛው፦
ሰገነት የመጨረሻዋ ነገር ልክ ነች። የመጀመሪያዋ ግን «ብቻ» ነች።

ሰገነት፦
አሁንም «ብቻ»! ሌላ ቃል አልጻፍኩም?

ጉርሻ፦
በነገራችን ላይ ዋጋው አሁን ስንት ነው?

ቺካጎ ነኝ፦
ድልድይ ሊሠሩ ከመሬቷ ላይ ወሰዱባት፣ ተከራክራ ተሸነፈች። በ1972 ለእንግሊዛዊው ፒተር ፓሉምቦ ሸጠችለት። በ2003 ደግሞ በጨረታ 7.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው የቅርስ ጠባቂ ማኅበራት ገዙት።

ዶዘር፦
74,000 በዛ ተብሎ ፍርድ ቤት ተሄደ፣ ይኸውላችሁ።

ሰገነት፦
ፓሉምቦ ሲገዛው እኮ ነው ቤቱ ነፍስ የዘራው። በረንዳው ላይ የለጠፈችውን የወባ ትንኝ መረብ አንስቶ፣ የሚስን የልጅ ልጅ አስመጥቶ አደሰው። ሚስ እንዳሰበው ሆነ።

ቀጭኔዋ፦
መረቡን የለጠፈችው ለጌጥ ነው? ወንዝ ዳር ነው! ማታ መብራት ሲበራ ያ መስታወት ሁሉ ትንኝ ይጠራል። የንድፉን ሰው አንድ ሳምንት እዚያ ቢያሳድሩት ራሱ መረብ ይስል ነበር።

ሰገነት፦
መረቡ መልኩን አበላሽቶት ነበር። ፎቶውን እይ።

ቀጭኔዋ፦
ፎቶ አይነከስም።

ግንበኛው፦
ቺካጎ ነኝ፣ አንተ ስትሄድ ትንኝ ነበር?

ቺካጎ ነኝ፦
ጥቅምት ላይ ነው የሄድኩት። ብርድ ነበር። ግን ጃኬቴን የት እንደምሰቅል ጠፍቶኝ ይዤው ዞርኩ።