ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፤ ኮዱ ፒ0171 ነው

ጥያቄ፣ ከሽሮ ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። የ2005 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 1.8፣ 1ዜድዜድ የሚባለው ነው። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ጠዋት ሳስነሳው ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ አየር የሚስብ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ የሞተር መብራቱ ግን አይጠፋም።

ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0171 አለ። አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ብለው የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀየሩልኝ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚህ መኪና ነው፤ ሌላ ዕቃ በግምት ለመቀየር አቅሙ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ቪትዝ ከሚነዳ

የእኔም እንዲህ አድርጎ የነዳጅ ፓምፕ ቀይሬ ነው የዳነው። የአዲስ አበባ ከፍታም ያስቸግራል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይቸገራል። ፓምፑን አስቀይረው።

መልስ፣ 22 ዓመት በጋራዥ ከሠራ መካኒክ

ወንድሜ፣ እባክህ ገና ምንም አታስቀይር። ከፍታውን እንተወው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ብንሆንም ስስ አየር የድሮውን ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ነዳጅ ያበዛበት ነበር እንጂ አያሳንስበትም፤ የአንተ ሞተር ደግሞ የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን በልኩ የሚረጭ ነው። ፓምፕ ሊሆን ይችላል፤ ግን የደከመ ፓምፕ በብዛት የሚታወቀው ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ነው። የአንተ መኪና የሚታመመው ቆሞ፣ ያውም በብርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ከጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኝ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። የጨመረው በመቶኛ ተቆጥሮ፣ የነዳጅ ማስተካከያ ተብሎ፣ በምርመራ ማሽኑ ላይ ይታያል። እስከ 10 በመቶ ድረስ አያሳስብም። 25 አካባቢ ሲደርስ ግን ኮምፒውተሩ ከዚህ በላይ ማካካስ ይከብደዋል፤ መብራቱን ያበራል። ስለዚህ ያ ሴንሰር ያየውን ነው የተናገረው። ኮዱን ብቻ አይቶ እሱን መቀየር በጣም የሚያሳዝነኝ ስሕተት ነው፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

አሁን ሁለት ቁጥር አምጣልኝ። ሞተሩ አድሮ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሣው። ሴንሰሩ ሥራ እስኪጀምር አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና፣ ሳይሞቅ፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን ደምረህ ጻፍ። ከዚያ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ይዘኸው ድገም።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽን ያለው ጎረቤት አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለካን። በሚኒሞ 24 በመቶ ነው። በ2,500 ዙር ወደ 7 ወረደ።

መልስ፣ መካኒኩ

ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ተናግሯል። አየር ሳይለካ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ዙሩ ቢጨምርም ቀዳዳው መጠኑ አይለወጥም፤ ሞተሩ በሚኒሞ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ የሾለከው ድርሻ ይበዛል፣ ዙሩ ሲጨምር ድርሻው ያንሳል። ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ቢሆን ቁጥሩ በተቃራኒው ከዙሩና ከጭነቱ ጋር ይወጣ ነበር። ለማንኛውም ፓምፑን የሚጠራጠር ሰው ግፊቱን ያስለካ፤ በዚህ ሞተር ከ3 እስከ 3.4 ባር መሆን አለበት።

ከአየር ፊልትሮው እስከ ስሮትሉ (የአየር መግቢያ በሩ) ያለውን ጎማ አጥፈህ ስንጥቅ ፈልግ፤ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። የፍሬን ሰርቮውን ቱቦና ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን የሚመጣውን ትንሽ ቱቦም በጣትህ ዳስሳቸው። እኔ ግን አብልጬ የምጠረጥረው አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድና በቴስታታው መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም አየር እንዳይሾልክ መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ነው። በዚህ ሞተር ላይ ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ በብርድ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይገጥማል።

ለመፈተሽ ጠርሙስ ላይ በሚገጠም መርጫ ሳሙና ያለው ውኃ ያዝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እየሠራ መጋጠሚያውን በጥቂቱ እርጨው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ አይድረስ። ውኃው ቀዳዳውን ለአፍታ ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) ላይ ቢያርፍ እሳት ነው፣ አንተ አታድርገው።

መልስ፣ ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ

ተመሳሳይ ኮሮላ ነበረኝ። እዚህ ክረምቱ ከባድ ስለሆነ መብራቱ የሚበራው ቅዝቃዜ ሲገባ ብቻ ነበር፤ በጋ ላይ ይጠፋል። ያ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ አለቀ። አደራ፣ መንዳቱን አታራዝመው፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል፣ አንዳንዴም ሲሊንደር ሳያቃጥል ያልፍና ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ይጎዳል።

መልስ፣ ከአዳማ

የአየር መለኪያ ሴንሰሩ አቧራ ይዞም ይህ ኮድ ይመጣል። ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይረጭ፤ ሽቦው በጨርቅም ሆነ በጣት አይነካም።

ጠያቂው፣ ከስድስት ቀን በኋላ

ጎማውም ቱቦዎቹም ደህና ነበሩ። ሳሙናውን በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል ስረጨው ያ የመሳብ ድምፅ ቀጥ አለ፤ ጎረቤቴ ማሽኑን ይዞ 24 የነበረው ወደ 11 ሲወርድ አየን። ቅዳሜ ማኒፎልዱን አወረድነው። ጓርኒሲዮኑ ተጠፍጥፎ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ጠርዝ እኩል ሆኗል፤ በጥፍር ብጫነው አልሰረገደም። አዲሱን ከጎኑ ሳስቀምጠው ከፍታው በግልጽ ይበልጣል። መጋጠሚያውን በጨርቅ አጽድተን ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር ተራ በተራ አጠበቅናቸው።

ኮዱን አጥፍተን አራት ጠዋት ነዳሁት። ዛሬ በቀዝቃዛ ሞተር 3 በመቶ ነው፤ መሪው አይንቀጠቀጥም፣ መብራቱም አልበራም። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የወጣውን የድሮውን ኦክስጅን ሴንሰር አስቀምጬዋለሁ፤ ደህና ከሆነ ለመለዋወጫ ላቆየው?

መልስ፣ መካኒኩ

አቆየው። ሶኬቱን በፌስታል ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ ጫፉን ዘይት አታስነካው።