የ7 ሳምንት ጊኒ ፒግ ፀጉሯ እየረገፈ ነው፣ አንድ አይኗም ተጣብቋል፣ ጅማ ያላችሁ እርዱኝ

የሂርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አጎቷ ከአዲስ አበባ ያመጣላት ጊኒ ፒግ አለች፣ ሲርባት ዊክ ዊክ ስለምትል ጩጩ እንላታለን፣ 7 ሳምንቷ ነው፣ በበርበሬ ሚዛን መዝነናት 310 ግራም ሆነች። እኛ ጋ ከመጣች 3 ሳምንቷ ነው መጀመሪያ ደህና ነበረች፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አፍንጫዋ ላይና ከግራ አይኗ ከፍ ብሎ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ረገፈ፣ ቆዳው ላይ ፎረፎር የመሰለ ነገር አለ፣ ታካለች ግን ብዙም አይደለም። ትናንት ጠዋት ደሞ ግራ አይኗ በአይናር ተጣብቆ አገኘሁት፣ ለብ ባለ ውሃ ጥጥ ነክሬ ቀስ ብዬ ስከፍተው ቀልቷል መሃሉ ላይም ዳመና ነገር ይታያል። ፋርማሲ ሄጄ የአይን ጠብታ አልኩ፣ ለማን ነው እንኳን ሳይሉኝ ሰጡኝ፣ ካርቶኑ ላይ አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን ይላል፣ ሁለቴ ጨመርኩላት ዛሬ ጭራሽ ጨፍናዋለች።
የምትተኛው ሰጋቱራ ላይ ነው፣ ሰፈር ካለ አናጢ በነፃ ነው የምወስደው፣ የምትበላው ድርቆሽ ፉርሽካና ካሮት። ጎረቤቴ እከክ ነው የከብት መድኃኒት ውጊያት ትላለች። እኔ ደሞ ፈራሁ። ልጄ አቅፋት ነው የምትውለው፣ ክንዷ ላይ ትንሽ ክብ ቀይ ነገር ወጥቶባታል እሱ እንኳን ትንኝ ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ?

አጋሮ ነኝ፦
እህቴ ጎረቤትሽ ልክ ናት፣ እከክ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤት አይቨርሜክቲን በይ፣ ግማሽ ሚሊ ከቆዳ ስር አስወጊያት ያልቃል። እኔ በጎቼን ሁሌ እንደሱ ነው የማደርገው።

ዶክተር ልሆን ነው፦
ወንድሜ አጋሮ በጎችህ ይባረኩ ግን ይሄን ምክር አንሳው በናትህ። ብልቃጡን አንብበው፣ አብዛኛው 1 ፐርሰንት ነው፣ 1 ሚሊ ለ50 ኪሎ ይላል። ግማሽ ሚሊ ማለት የ25 ኪሎ በግ መጠን ነው፣ ጩጩ አንድ ሦስተኛ ኪሎ እንኳን አልሞላችም፣ 80 እጥፍ ልትሰጣት ነው! በከብቱ ሂሳብ እንሂድ ብንል እንኳን የሚደርሳት 0.006 ሚሊ ነው፣ ያንን ደሞ ኢንሱሊን መውጊያዋ ትንሿ ስሪንጅም አትለካውም፣ የአንዷ መስመር እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው ሐኪም አቅጥኖ የሚሰጠው። መድኃኒቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ እከክ ቢሆን ኖሮ እሱኑ ነበር የሚሰጧት፣ ከሳምንት አስር ቀን በኋላም ይደገማል ምክንያቱም እንቁላሉን አይገድለውም።
ግን እከክ አይመስለኝም። የጊኒ ፒግ እከክ ስታየው ታውቀዋለህ፣ ትከሻና ጀርባዋ ላይ ይበዛል፣ ቆዳዋ እስኪደማ ነው የምታከው፣ ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣታል። ይቺ ብዙም አታክም፣ የጀመራት አፍንጫና አይን ዙሪያ ነው፣ ክብ ክብ ነው፣ ይራገፋል። ጭርት ነው የሚመስለው። እህቴ የልጅሽ ክንድ ላይ ያለውንም ትንኝ ብለሽ አትለፊው፣ ጭርት ከጊኒ ፒግ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ጤና ጣቢያ አሳያት እንስሳ ቤት ውስጥ እንዳለም ንገሪያቸው።
የአይን ጠብታውን ግን አሁኑኑ አቁሚ። ዳመና አለው ካልሽ ብሌኑ ላይ ጭረት ሊኖር ይችላል፣ ዴክሳሜታዞን ደሞ ጭረት ላይ ሲገባ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል አይኗን ልታጣ ትችላለች። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት ነገ አትበይ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ካምፓስ ያሉትን የእንስሳት ህክምና ሰዎች ጠይቂ። ሌላ ደሞ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለሽ እንዳታስውጫት፣ ለኛ ቀላል ነው ለሷ ግን አንጀቷ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርስና በዛው ትሄዳለች። ምግብ ካቆመችም አትጠብቂ፣ እነዚህ እንደ ውሻ ቀኑን ሙሉ ጾመው አያድሩም።

እማማ ጥንቸል፦
ዶክተራችን የመድኃኒቱን ብሏል እኔ ስለ ቤቷ ልናገር፣ ጥንቸልም ጊኒ ፒግም አሳድጌያለሁ። ያ የአናጢ ሰጋቱራ አንደኛ ብናኝ ነው አይን ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛ የጥድ ከሆነ ሽታው ራሱ ይጎዳቸዋል፣ ሦስተኛ በዚህ በኛ ዝናብ ከታች ረጥቦ ይቀራል ሻጋታ ነው የሚይዘው። ያረጀ ፎጣ ወይ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፊላት በየቀኑ ቀይሪው። አንዳንዱ የቡና ገለፈት ያነጥፋል ጅማ ሞልቷል ብሎ፣ እንዳታደርጊው ካፌይን አለው ታኝከዋለች።
ምግቧም ላይ በቂ ቫይታሚን ሲ የለም። ጊኒ ፒግ እንደኛው ናት ራሷ አትሰራውም፣ በኪሎ ቢያንስ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም በየቀኑ ያስፈልጋታል፣ ስትታመም ይጨምራል። ሲጎድልባት ፀጉሯ ይሻክራል ቁስሏ አይድንም መገጣጠሚያዋ ያብጣል። ካሮትና ፉርሽካ ይሄን አይሞላም። ሐሙስ ገበያ ውጪና ዘይቱን ግዢ፣ 100 ግራሙ ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው፣ ቀጭን ቁራጭ ይበቃታል ስኳር ስላለው አታብዢው። የማያቃጥል ቃሪያም ጥሩ ነው፣ ጎመን ትንሽ ትንሽ። ውሃዋ ውስጥ የሚጨመረውን ቫይታሚን ግን ተይው ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። አቮካዶ ግን ደጃፍሽ ወድቆ ቢገኝም እንዳትሰጫት መርዝ ነው ለሷ።

አጋሮ ነኝ፦
እሺ ተምሬያለሁ ዶክተር። 80 እጥፍ ስትል ላብ አጠመቀኝ። የቀድሞ በጎቼንም መጠን ልፈትሽ መሰለኝ።

የሂርማታዋ፦
ከ5 ቀን በኋላ መጣሁ ይቅርታ። ያን ቀን ከሰዓት በባጃጅ ይዘናት ሄድን፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ልጄ እያለቀሰች። ሐኪሙ አንዲት ብርቱካናማ ወረቀት አይኗ ውስጥ አስነክቶ በሰማያዊ መብራት ሲያየው ብሌኗ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አረንጓዴ ሆኖ በራ፣ እኔም አየሁት። የላይኛውን ቆብ ሲገለብጠው የድርቆሽ ስንጥር ተሰክቷል፣ ከሚስማር ጫፍ የማይበልጥ፣ በመቆንጠጫ አወጣው። ለካ ድርቆሹን ከላይ ነበር የምጥልባት አሁን ጎን ላይ አስሬዋለሁ። ዴክሳ የሌለው ሌላ ጠብታ ሰጠን በቀን 4 ጊዜ።
ከቆዳዋ ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየ፣ የእከክ ተባይ የለም፣ ፀጉሩ ላይ ግን ፈንገስ ነው አለ። ቅባት ሰጠኝ፣ አይኗ አጠገብ በጥጥ ጫፍ ቀባ ቀባ እያደረግሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አለኝ፣ ስቀባ ጓንት አደርጋለሁ። ሳምንታት ይፈጃል ብሎኛል ፀጉሩ ሲበቅል አታቁሚ ብሏል። ሰጋቱራውን አቃጠልኩት፣ ሳጥኗን በበረኪና አጥቤ አጥቤ በደንብ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ማለቴ ነው።
የልጄም ክንድ ጭርት ነው አሉ፣ እሷም ተቀብታለች ሁለቱም በአንድ ሰዓት ነው የሚቀቡት። ሲሻላት ነው የምታቅፋት ተባለች፣ አሁን አጠገቧ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነብላታለች። አይኗ ትናንት ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ዘይቱኑን ከፌስታል ሳወጣ ኮሽታውን ብቻ ሰምታ ጮኸች፣ ይሄን ያህል ድምፅ ይህችን ከምታክል ነገር ይወጣል አላልኩም።

ዶክተር ልሆን ነው፦
ተመስገን! ጠብታውን ግን አይኗ ጠራ ብለሽ ከቀኑ በፊት እንዳታቋርጪ፣ በዛች ወረቀት ደግሞ ይያት። ስንጥሩ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስተሻል? ክፍል ውስጥ ባሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

የሂርማታዋ፦
ስንጥሩንማ ልጄ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፣ ጠይቄ ልሰጥህ እሞክራለሁ ግን እሺ የምትለኝ አይመስለኝም።