ኪቶሳን ናኖ ቅንጣት ቪኢጂኤፍ አልይዝ አለ፣ ፒቢኤስ ውስጥም ይጓጉላል

ጠያቂ፦ ለስኳር ሕመም የእግር ቁስል የሚሆን፣ ቪኢጂኤፍን (የደም ሥር የሚያሳድገውን ፕሮቲን) ቀስ እያለ የሚለቅ ቅንጣት እየሠራን ነው። ኪቶሳን (ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፖሊመር) 1 ሚ.ግ./ሚ.ሊ. በ1% አሴቲክ አሲድ፣ ቲፒፒ (ኪቶሳኑን አያይዞ ቅንጣት የሚያደርገው ኔጌቲቭ ፎስፌት) 1 ሚ.ግ./ሚ.ሊ. በውኃ፣ በመጠን 5 ለ 2። ለሙከራ የተጠቀምነው ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) በደንብ ይያዛል፤ ቪኢጂኤፍ ግን አብዛኛው ውጭ ይቀራል። ፒቢኤስ (ፒኤች 7.4 የሆነ ጨዋማ ባፈር) ሲነካው ደግሞ ይጓጉላል። ምን እንቀይር?

ባዮማት፦ ቢኤስኤ እዚህ አሳሳች ነው። አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡ (የተጣራ ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች) 4.7 አካባቢ ስለሆነ ፒኤች 5.5 ላይ ኔጌቲቭ ሆኖ ኪቶሳኑ ላይ ይለጠፋል። የቪኢጂኤፍ 165 (165 አሚኖ አሲድ ያለው ዓይነት) ግን ወደ 8.5 ነው፤ እሱና ኪቶሳኑ ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። መሀል ላይ ሁለቱንም የሚይዝ ኔጌቲቭ ሞለኪውል፣ ሄፓሪን አስገቡ። ቪኢጂኤፉን መጀመሪያ ከሄፓሪን ጋር 30 ደቂቃ በረዶ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ ከቲፒፒው ጋር ቀላቅላችሁ እየተማሰለ ያለው ኪቶሳን ላይ ጠብ ጠብ አድርጉት። ሄፓሪኑን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ዜታው (የቅንጣቱ ገጽ ቻርጅ መለኪያ) ከ+20 ሚሊቮልት ከወረደ በዝቷል፣ ቅንጣቶቹ መያያዝ ይጀምራሉ። የገዛችሁት ቪኢጂኤፍ 121 ከሆነ ግን ልፋት ነው፣ ሄፓሪን አይዝም። ጠርሙሱን እዩት።

ፋርማ_7፦ ስለ መጓጎሉ፦ የኪቶሳን ፒኬኤ (ግማሽ ቻርጁን የሚያጣበት ፒኤች) 6.5 ገደማ ነው። 7.4 ላይ ቻርጁን ይጥላል፣ የቀረችውንም የፒቢኤሱ ጨው ይሸፍናታል። ፒኤች 5.5 የሆነ አሴቴት ባፈር ውስጥ አስቀምጡት፣ ወይም ፒኤች የማይበግረውን ትራይሜቲል ኪቶሳን ተጠቀሙ። ሲሠራ ዓይናችሁን ፈሳሹ ላይ አድርጉ፦ ስስ ጭጋግ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ ደግ ነው፤ ነጭ ብጥስጣሽ ከታየ ቲፒፒው በዝቷል። ሴንትሪፉጅ ስታደርጉ ቱቦው ሥር ጠብታ ግሊሰሮል ካላኖራችሁ ዝቃጩ ተጋግሮ አይበተንም። በበረዶ ከማድረቃችሁ በፊትም ቅንጣቶቹን የሚጠብቅ ስኳር፣ 5% ትሬሃሎስ ጨምሩ።

ጠያቂ፦ የተያዘውን የምንለካው ከላይ የቀረውን ፈሳሽ በብራድፎርድ (ፕሮቲንን በቀለም የሚለካ ዘዴ) አይተን፣ ከጠቅላላው ቀንሰን ነው። ይበቃል?

ባዮማት፦ አይበቃም። ብራድፎርድ ናኖግራም አያይም፣ ኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ዘዴ) ያስፈልጋል። ደግሞ ቪኢጂኤፍ ተራ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል፤ ቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረውን ሁሉ «ተይዟል» ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ፕሮቲን የማይለጠፍበት ቱቦ ተጠቀሙ፣ ቅንጣት የሌለበት ቪኢጂኤፍ ብቻውን የያዘ ቱቦም አብሮ ይሂድ። መልቀቂያው ፈሳሽ ውስጥ 0.1% ቢኤስኤ ጨምሩ፣ ሊሶዛይምም፤ ቁስል ውስጥ ኪቶሳንን የሚበላው ኢንዛይም እሱ ነው።

ፋርማ_7፦ ሴል ላይ ከመሞከራችሁ በፊት የኪቶሳኑን ኢንዶቶክሲን (እብጠት የሚቀሰቅስ የባክቴሪያ ቅሪት) አስለኩ። ርካሹ ብዙ ጊዜ የተበከለ ነው፤ የሚታየው እብጠት ከቅንጣቱ ይሁን ከባክቴሪያው ቅሪት መለየት አትችሉም።